እናቴ የጠጣችው የትንፋሽ ውሃ

የኔ ትንፋሽ እስከ ስድስት ነው የሚቆጥረው፤ እሱም ደህና ቀን ሲሆን ነው። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እስከ ወገቡ ውሃ እሞላለሁ፣ የግሉኮስ ቱቦ ቁራጭ እከትበታለሁ፣ ጀርባዬን ቀና አድርጌ በአፍንጫዬ አየር እስባለሁ። ከዚያ ቱቦውን በከንፈሬ ይዤ ቀስ ብዬ እነፋለሁ። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። ስድስት ላይ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር በሩን ይዘጋል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር አሥር ትንፋሽ። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልጅ ወልጄ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ አፉን ፈትቶ ያወራኝ ነበር።

ኮምቦልቻ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል። «ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ምሳሌውም ሩቅ አልነበረም፤ እኛ እታች ኮምቦልቻ ላብ እየጠረግን፣ ደሴ ከነብርዷ በላያችን ናት። ፈተና ላይም አውጥቼው ብዙ ልጅ ጥያለሁ። ነገሩ ለራሴም ገብቶኝ እንደማያውቅ የተረዳሁት ኮቪድ ይዞኝ፣ ኦክስጅን ተሰክቶልኝ አሥራ አንድ ቀን ተኝቼ፣ «ድነሃል፣ ሂድ» ተብዬ ከወጣሁ በኋላ ነው። ድነሃል ያለኝ ሰው አልዋሸም። በሽታው ሄዷል። ትንፋሼን ይዞብኝ ነው የሄደው።

ወደ ክፍል የተመለስኩ ቀን ትምህርቱ ስለ ዝናብ አፈጣጠር ነበር። «ከባሕር የተነሣው እርጥብ አየር ወደ ተራራው ሲወጣ» ብዬ ጀመርኩና ተራራው ላይ ሳልደርስ አየር አለቀብኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ሰሌዳውን ተደገፍኩ። ልጆቹ ዝም አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም በሉ እያልኩ ስጮህ አንድ ቀን የሰማኝ አልነበረም፤ ያን ቀን ማንም ሳይናገራቸው ዝም አሉ። በሳምንቱ ርእሰ መምህሩ «እስኪሻልህ» ብሎ ቤተ መጻሕፍቱን እንድጠብቅ አደረገኝ። እዚያ መናገር ክልክል ነው። ለኔ የተሠራ ቦታ ነው።

እናቴም የታመመችው እኔ ሆስፒታል በገባሁበት ሳምንት ነው። ማን ለማን እንዳስተላለፈ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። የምትኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አባቴ ሲሞቱ ትተውላት በሄዱት ቤት ብቻዋን ነበር። ሆስፒታል አልገባችም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጠጥታ፣ ጋቢ ደራርባ ላብ አውጥታ ተነሣች። ሰው ሁሉ «የድሮ ሰው ጠንካራ ነው» አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ። መሐል ላይ ጦርነቱ መጣ። ያኔ ትንፋሽ ያላጠረው ሰው አልነበረም። ሲያልፍ ሌላው ሁሉ ተነፈሰ፣ እኔና እሷ ቀረን።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እሷ ዘንድ አድራለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው አቀበት ድሮ ስልክ እያወራሁ የምወጣው ነበር። አሁን ሦስት ቦታ አርፋለሁ፤ ሱቁ በር ላይ፣ የመብራት እንጨቱ ጋ፣ የጎረቤት አጥር ሥር። በየማረፊያው ስልኬን አውጥቼ የሚደውልልኝ ሰው ያለ አስመስላለሁ። ሰላም የሚለኝ ሰው ሲያልፍ ባዶውን ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ራሴን እነቀንቃለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ያሳፍራል።

ከብዙ ሐኪም በኋላ ደሴ ወደ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ተላክሁ። ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። አልጋ ላይ አጋድማ አንድ እጄን ደረቴ ላይ፣ አንዱን ሆዴ ላይ አስቀመጠችና «እርስዎ የሚተነፍሱት በትከሻዎ ነው፤ ሆድዎ ሥራ ፈቷል» አለችኝ። ከንፈሬን ሻይ እንደሚያበርድ ሰው አሹዬ ማስወጣት አስተማረችኝ። ከዚያ ፕላስቲኩንና ቱቦውን ሰጠችኝ።

«ሰባት ሲደርሱ ይንገሩኝ» አለች።

«መድኃኒት የለውም?»

«ያለን ይኼ ነው። አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን ብዙም አይረዳም። ሳይሠሩት ግን ማወቅ አይቻልም።»

እውነቱን ስለነገረችኝ ተናደድኩባት። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ትንሽ ሊዋሽለትም ነው። ልወጣ ስል ደግሞ ጠራችኝና «ውሃውን በየቀኑ ይድፉት፣ ፕላስቲኩንም በሳሙና ይጠቡት። ምራቅ ነው ያለበት» አለችኝ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። እናቴ ቤት በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ውሃውን እፍ እላለሁ። ዓይኔን የጨፈንኩት ራሴን ላለማየት ነው። አሥሩን ጨርሼ ስገልጥ እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ሻሿን አስተካክላ፣ ሁለት እጆቿን ለዱዓ ዘርግታ፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«አሚን» አለች።

አባቴ ደጋን አካባቢ የታወቁ ሸህ ነበሩ። ሰው በጀሪካንም በቅልም ውሃ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ቁርዓን ይቀሩበትና በመጨረሻው ውሃው ላይ እፍ ይላሉ። ያ የተቀራበት ውሃ ለታመመ ይጠጣል፣ ለሕፃን ይቀባል፣ ለከብትም ይረጫል። ደሴ ከገባን በኋላም በራችን ላይ ጀሪካን ጠፍቶ አያውቅም። ጀሪካኑን ከሰው ተቀብላ የምታስገባው፣ የማን እንደሆነ ሳታምታታ የምትመልሰው እናቴ ነበረች። እኔ አንድያ ልጃቸው ቂርኣቱን ጥዬ ካርታ ማንበብ መረጥኩ። አባቴ አልተቆጡኝም። እናቴ ግን አንድ ነገር ስትጠብቅ እንደኖረች ያን ጠዋት ገባኝ።

«አውቅ ነበር» አለች። «ወላሂ አውቅ ነበር። የአባትህ ነገር ሜዳ ላይ አይቀርም ብዬ ነበር።»

«እማ፣ ይኼ ስፖርት ነው። የሳንባ ስፖርት። ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ።»

«አባትህም እንዲያ ነበር የሚሉት። ‹እኔ ምን አውቃለሁ፣ ውሃ ነው› ነበር የሚሉት። ያለው ሰው መች አለኝ ይላል?»

«እማ፣ አልቀራሁበትም። እየቆጠርኩ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

«እሱን አንተና ፈጣሪህ ታውቃላችሁ።»

ምን ይባላል? አይደለሁም ባልኩ ቁጥር የበለጠ እየሆንኩ ሄድኩ። ልነሣ ብዬ ጉልበቴን እስክሰበስብ ፕላስቲኩን አንሥታ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳች።

«ምራቄ ነው እኮ ያለበት!»

«በረካውስ ምራቁ ላይ አይደል?» አለችና ቢስሚላህ ብላ ጠጣችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር ንጹሕ ፕላስቲክ አጥባ ትጠብቀኛለች። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ በርጩማው ተወልውሏል። እኔ እነፋለሁ፣ እሷ ትጠጣለች። «ደረቴን ከፈተልኝ» ትላለች። «ትናንት ከገበያ ዘንቢሌን ይዤ አንድ ቦታ ሳላርፍ ወጣሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ በልምምዱ አንድ ስንዝር ሳልራመድ እሷ የኔን ምራቅ ጠጥታ ዳነች። ሳቄ መጣ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ደስም ብሎኛል። ክፍል ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው ለአንድ ሰው መድኃኒት ሆነ። ዝም ያልኩት ለሷ ብዬ ብቻ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ግን ከወትሮው ቀድሜ ደረስኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ እናቴን ከሩቅ አየኋት። መብራት እንጨቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዘንቢሏ እግሯ ሥር ነው፤ አንድ እጇ ደረቷ ላይ፣ አፏ ተከፍቷል። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። በትከሻዋ ነው የምትተነፍሰው። የተቀመጠችባት ድንጋይ እኔ ስልክ የሚደወልልኝ የማስመስልባት ድንጋይ ናት። ስታየኝ ብድግ አለችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ነካካች።

«ጫማዬ ጠጠር ገብቶበት ነው» አለች።

ዘንቢሉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጥም አለችኝ። ሁለታችንም ቀጥ ብለን ለመሄድ እየሞከርን አቀበቱን ወጣን። በነጋታው ጠዋት እንደ ልማዴ ነፋሁላት። ጠጣች። «ደረቴን ከፈተልኝ» አለች። እኔም ምንም አላልኩም። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ዘንድ ልወስዳት አንድ ወር ለመንኳት። «ፕላስቲኩን የሰጠችኝን ሴት አመስግኚልኝ» ብዬ አታልዬ ነው የወሰድኳት። ልጅቷ እናቴ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካችላት፣ ጀርባዋን አዳመጠች፣ እግሯን ጫን ጫን አድርጋ አየች። የልጅቷ ፊት ተለወጠ። የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዲያያት ወረቀት ጻፈችልን። የነፋሁበትን ውሃ እንደምትጠጣ ስነግራት ደግሞ አዲስ ፕላስቲክና ቱቦ አውጥታ እናቴ እጅ ላይ አኖረች።

«እማማ፣ የጠጡት ውሃ አይደለም የሚጠቅምዎት፤ መንፋቱ ነው። እርስዎ ራስዎ ነው የሚነፉት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብለው።»

እናቴ ፕላስቲኩን ትኩስ ነገር እንዳስያዟት ወዲያው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ? ልጄ፣ እኔ ፈቃድ የለኝም። ውሃ ላይ እፍ የሚለው የተፈቀደለት ነው።»

«ይኼ የሃይማኖት አይደለም እማማ፣ ለሳንባዎ ነው። ለራስዎ ጤና ነው።»

«ለራሴ?» አለች እናቴ፣ እንደመሣቅ ብላ። «ለራሱ እፍ ሲል ያየሁት ሰው የለም። የዚህ አባት እንኳ ሲያማቸው ከሌላ ሰው ነበር የሚያስቀሩት። አፊያ ይስጥሽ እህቴ። ልጄ ይነፋልኛል።»

በባጃጅ ተመለስን። ቤት እንደገባን ጮህኩባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ልትሞቺ ነው! በኔ ምራቅ ልትሞቺ ነው! ለራስሽ ብለሽ ንፊ፣ ለራስሽ!» አልኳት። እናቴን «አንቺ ሴትዮ» ብዬ ጠርቻት አላውቅም ነበር። ጩኸቱን አልጨረስኩትም፤ ሳል ያዘኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ጀርባዬን እያሸች «ተው፣ አትናደድብኝ፣ ትንፋሽህን አትጨርስ» ትለኛለች። ከዚያ ደሞ ውሃ አመጣችልኝ። የኔኑ ውሃ ነው፤ ጠዋት የነፋሁትን። ጠጣሁት። ውሃ ውሃ ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሳንባዋ ጠባሳ እንዳለበት፣ ልቧም እንደደከመ ነገረን። ክኒን አዘዘላት። ክኒኑን እኔ በነፋሁበት ውሃ ነው የምትውጠው። እኔም በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ያንኑ ቃል ደጋገምኩ፤ ለራስሽ ብለሽ፣ ለጤናሽ ብለሽ፣ ለዕድሜሽ ብለሽ። አስተማሪ አይደለሁ? ልጁ ካልገባው ያንኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም ነው የማውቀው። በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት።

የኔው ልምምድም ወደፊት አልሄደም። አንድ በጋ ላይ ስድስት ደረስኩና ልቤ ዘለለ፤ ጉንፋን ያዘኝና አራት ላይ ተመለስኩ። ከአራት ወደ አምስት ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንዳንድ ጠዋት ፕላስቲኩን ወደ ቦርከና ወንዝ ልወረውረው እነሣለሁ፤ ወንዙ ድረስ መሄዱ ራሱ ስለሚያደክመኝ እተወዋለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ልምምዱን ያቆማል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሌላ የሚያደርገው ስለሌለው ይቀጥላል።

ባለፈው ክረምት እናቴ አልጋ ያዘች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ትራስ ተደራርቦላት ካልሆነ መተኛት አቃታት። ሆስፒታል ገብታ ወጣች። ሁለተኛ ጊዜ ገብታ ስትወጣ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደር ጠርቶ «ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» አለኝ። የሰውየው ድምፅ ደግ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሆጤ ገባሁ።

አንድ ቀን፣ የዐስር ሶላት ተሰግዶ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። በዓይኗ መስኮቱ ላይ ያለውን ፕላስቲክ አሳየችኝ።

«ንፋልኝ» አለች።

ቱቦውን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ደረቴም ብርድ መትቶታል። አየር ልስብ ብል አልገባ አለኝ። እንደምንም ነፋሁ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ሳል ያዘኝ። እንደገና ሞከርኩ። አንድ። ፕላስቲኩን ታቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ። ለሷ ብቻ አልነበረም የማለቅሰው፤ ለራሴም ነው። የሁለት ዓመት ልፋቴ አንድ ሆነ። እናቴ ለምትሞትበት ቀን እንኳ ሁለት ትንፋሽ አላስቀረሁም።

እናቴ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደታመምኩ ያወቀች ይመስላል። እስከዚያ ቀን እኔ ሸህ ነበርኩ።

«ና ወዲህ» አለች። «አምጣው።»

ሰጠኋት። ትከሻዋን ይዤ ቀና አደረግኋት።

«ፈቃዱ የለኝም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። «ግን እናት አይደለሁ?»

ቢስሚላህ አለች። በአፍንጫዋ ሳበች፤ ሆዷ በጋቢው ሥር ከፍ ሲል አየሁት። ትከሻዋ አልተንቀሳቀሰም። ማን አስተማራት? ቅዳሜና እሑድ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ስታየኝ ተምራዋለች። ከዚያ ከንፈሯን አሹላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ ነፋች። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ልማድ ሆኖብኝ በልቤ ቆጠርኩ። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት።

አረፍ አለችና ደገመችው። ሦስት ጊዜ ነፋች። ሦስተኛው አጭር ነበር።

«ጠጣ» አለችኝ፣ ፕላስቲኩን እየዘረጋችልኝ። «ያሽርህ። ደረትህን ይክፈትልህ።»

ጠጣሁት፣ ሙሉውን። አሚን አልኩ።

በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። ቀብሯ ላይ አፈር መመለስ አልቻልኩም፤ ሰዎች አካፋውን ተቀብለውኝ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መሐል አንዲት የጎረቤት ሴት አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጥታ እፍ በልልኝ አለችኝ። እናቴ ነግራታለች። «አልችልም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር፤ እሷ ግን ትሕትና መሰላት።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ለፊዚዮቴራፒስቷ ልነግራት ሄድኩ። እናቴ ሰባት እንደደረሰች ነገርኳት። ልጅቷ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ከዚያ መቼ እንደሆነ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀድማ ጀምራ ቢሆን ኖሮ ይረዳት ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። አዲስ ቱቦ ቆርጣ ሰጠችኝ።

ዛሬ ጠዋት አምስት ደርሻለሁ። ፕላስቲኩን በሳሙና አጠብኩት፣ ውሃውን ደፋሁት። ስንትና ስንት እሑድ ለራስሽ ብለሽ ንፊ አልኳት። ለራሷ ብላ ያደረገችው አንድ ነገር እንደሌለ፣ ጀሪካን ስትቀበልና ስትመልስ እያየሁ ያደግሁት እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ። ለኔ ብለሽ ንፊልኝ ብላት በቀን ሦስት ጊዜ ትነፋ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እንዲያ አላልኳትም።